ቦጃንግልስ የወጣቸው ደረጃዎች

እ.ኤ.አ. በ1949 ኖቬምበር መጨረሻ ላይ የኒውዮርኩ ሐርለም አንድ የ71 ዓመት ጨፋሪ ተሰናበተ። አስከሬኑን ለማየት ወደ 32 ሺህ ሰው ተሰለፈ። የስንብት ንግግሩን ያደረገው በአገራችን የቀድሞ ስም የተሰየመችው የአቢሲኒያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መጋቢና የአሜሪካ ኮንግረስ አባል የነበረው አዳም ክሌይተን ፓውል ነው። ሟቹ በዕድሜው ከሁለት ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዳገኘ ቢነገርለትም ሲሞት ኪሱ ባዶ ስለነበር፣ ቀብሩን ያስተባበረው ወዳጁ የቴሌቪዥን አዘጋጁ ኤድ ሱሊቫን ነበር።

ይህ ሰው ቢል ሮቢንሰን ነው፤ ዓለም የሚያውቀው ግን ቦጃንግልስ በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። ሙያው ታፕ ዳንስ ሲሆን፣ ይህም ጨፋሪው በጫማው ወለሉን እንደ ከበሮ እየመታ ምቱን ራሱ የሚፈጥርበት የጥቁር አሜሪካውያን ጥበብ ነው።

ሮቢንሰን የተወለደው በ1878 በቨርጂኒያ ግዛት ሪችመንድ ከተማ ነው። ወላጆቹን በልጅነቱ በማጣቱ በባርነት ውስጥ ያለፈች አያቱ አሳደገችው። ገና በልጅነቱ በከተማው ጎዳናዎች ላይ እየጨፈረ ሳንቲም ይለቅም ጀመር። የ17 ዓመት ወጣት ሳለ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በፕሌሲና ፈርጉሰን ጉዳይ በ1896 በሰጠው ፍርድ የዘር መለያየትን ሕጋዊ አደረገው። የሮቢንሰን የሥራ ዘመን በአብዛኛው ያለፈው በዚህ ፍርድ ጥላ ሥር ነው። ፍርዱ በትምህርት ቤቶች ረገድ የተሻረው እሱ ከሞተ ከአምስት ዓመት በኋላ ነበር።

መድረኩም የራሱ ያልተጻፈ ሕግ ነበረው። በዘመኑ ቮድቪል ይባል በነበረው የመድረክ ትርኢት ጥቁር አርቲስት ብቻውን አይቀርብም፤ ጥንድ መሆን ነበረበት። ሮቢንሰንም ከጆርጅ ኩፐር ጋር ለዓመታት ተጣምሮ ከሠራ በኋላ ይህን ልማድ ጥሶ ለብቻው በመቅረብ ከነጮቹ ኮከቦች እኩል ስሙ የሚጠራ ሆነ። ጥቁሮች ሳይቀሩ ፊታቸውን በጥላሸት እየቀቡ በሚያስቁበት ዘመን እሱና ኩፐር በገዛ ፊታቸው ይቀርቡ እንደነበርም ልብ ይሏል።

ሙያውንም ለውጦታል። ከእሱ በፊት ታፕ በሙሉ እግር እየተጎተተ የሚመታ ከባድ ጭፈራ ነበር። ሮቢንሰን ግን ወደ እግር ጣት አነሳውና ቀለል፣ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠው። ከ1918 ጀምሮ የታወቀበት የደረጃ ጭፈራው ደግሞ እያንዳንዱ እርከን የተለየ ድምፅ እንዲያወጣ ሆኖ በተሠራ ደረጃ ላይ እየወጣና እየወረደ የሚጫወተው ሙዚቃ ነበር።

በ1935 ዘ ሊትል ከርነል በተሰኘው ፊልም ይህንኑ ጭፈራ የስድስት ዓመቷን ነጭ የፊልም ኮከብ ሸርሊ ቴምፕልን አስተምሮ አብሯት አቀረበው። ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው የሚታዩበት ክፍል በደቡብ ግዛቶች ሲኒማ ቤቶች ተቆርጦ ወጣ። በዓመቱ ዲምፕልስ በተሰኘው ፊልሟ ላይ ሮቢንሰን በተዋናይነት ባይታይም ጭፈራውን ያዘጋጀው እሱ ነበር።

እዚህ ላይ ከኋላ የመጡ ትውልዶች ክስ ያቀርቡበታል። በእነዚያ ፊልሞች ሮቢንሰን ለነጭ ጌቶቹ ፈገግ የሚል አገልጋይ ሆኖ ይታያል። ክሱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ነገር ግን ተከሳሹን ከመፍረዳችን በፊት የነበረውን ምርጫ መመርመር ይገባል። ሆሊውድ ለጥቁር ያቀርብ የነበረው በር አንድ ነበር፤ እሱም የጓሮ በር። በዚያው በ1930ዎቹ ውስጥ፣ በ1936፣ ነጩ ፍሬድ አስቴር በስሙ በተሰየመ ጭፈራ ፊቱን ጥቁር ቀብቶ በመቅረብ እንደ አክብሮት ተቆጥሮለታል። የዳንስ ቅንብር በአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ በስሙ ተጠቅሶ ጥበቃ ያገኘው ደግሞ በ1976 ሲሆን፣ ሮቢንሰን ያኔ ከሞተ 27 ዓመት አልፎት ነበር። ሰውየው ሕይወቱን በሙሉ የሠራው ሕጉ እንደ ሰውም እንደ ደራሲም ሙሉ በሙሉ ባልተቀበለው አገር ነው።

የድህነቱን ጥፋት ግን በሙሉ በሕጉ ላይ መጫን አይቻልም። ሮቢንሰን ቁማርተኛ ነበር። በሌላ በኩል ለበጎ አድራጎት ትርኢቶች ቁጥር በሌለው ጊዜ ያለ ክፍያ ጨፍሯል። በ1937 የተቋቋመውና ለተቸገሩ ጥቁር አርቲስቶች የሚደርሰው ማኅበርም ከመሥራቾቹ አንዱና የክብር ፕሬዚዳንቱ ነበር። ከእጁ የወጣው ገንዘብ ሁሉ ባክኗል ማለት አይደለም።

ለዚህ ሪችመንድ ምስክር ናት። በ1933 ወደ ትውልድ ከተማው ሲመለስ ልጆች በአደገኛ መንገድ ሲሻገሩ አይቶ፣ በመስቀለኛው መንገድ ላይ የትራፊክ መብራት እንዲተከል ከኪሱ ከፈለ። በ1973 ሐውልቱ የቆመው እዚያው ነው፤ በደረጃ ላይ ሲጨፍር ያሳያል። የአሜሪካ ኮንግረስም በ1989 የልደቱን ቀን፣ ሜይ 25ን፣ ብሔራዊ የታፕ ዳንስ ቀን ብሎ ሰየመው።

ሰውን በተሰጠው ሚና ብቻ መመዘን ቀላል ነው። ሚዛናዊ ፍርድ ግን በዚያ ሚና ውስጥ ሆኖ ምን እንደሠራና ለቀጣዩ ሰው ምን እንደተወ ይጠይቃል። ቦጃንግልስ በጓሮ በር ገብቶ ደረጃውን ወጥቷል፤ ከእሱ በኋላ የመጡት ጨፋሪዎችም የጀመሩት ከመሬት ሳይሆን እሱ ከደረሰበት እርከን ነው።