አስናቀች ወርቁ፦ ክራርና የቅብብል ዜማ

አምባሰል ከሐይቅ ከተማ በስተ ሰሜን የሚገኝ የወሎ ተራራማ አገር ነው። ከትዝታ፣ ከባቲና ከአንቺሆዬ ጋር ከሚቆጠሩት አራት ዐበይት የኢትዮጵያ ቅኝቶች አንዱ የሚጠራውም በዚሁ አገር ስም ነው። የክራርን ዜማ ወደ ከተማ መድረክ ካሸጋገሩት ሴቶች መካከል አስናቀች ወርቁ ግንባር ቀደም ናት።

አስናቀች በ1920ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለደች። የሴት ገጸ ባሕርያትን ወንዶች ይጫወቱ በነበረበት ዘመን፣ በ1940ዎቹ፣ በማዘጋጃ ቤቱ የቴአትር መድረክ ላይ ወጣች፤ በኋላም በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተዋናይት ሆነች። ተዋናይትም ሆነች ክራር ደርዳሪ ሴት በምትናቅበት ማኅበረሰብ ውስጥ ሁለቱን ሙያ አጣምሮ መያዝ ዋጋ የሚያስከፍል ምርጫ ነበር።

የጥበቧ ልክ ጎልቶ የሚታየው ከመሰንቆ ተጫዋቹ ጌታመሳይ አበበ ጋር ባቀረበችው ቅብብል ነው። በዚህ ጨዋታ አንዱ የጣለውን ስንኝ ሌላው አንሥቶ ይመልሳል፤ ክራሩም ለመሰንቆው ቦታ ይለቃል። ስንኙ ትርጉሙን የሚያገኘው ከምላሹ ጋር ሲደመጥ ስለሆነ፣ የአንዱን ድምፅ ነጥሎ ማጥናት የሌላውንም ያጎድላል።

በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣው የኢትዮፒክስ ተከታታይ አልበም 16ኛ ቅጽ ዘፈኖቿን ለዓለም አድማጭ አደረሰ። ቅጹ የሚጠራው በእርሷ ስም ብቻ ነው። አስናቀች በመስከረም 2004 ዓ.ም. አረፈች። የሕይወት ታሪኳ ምሉዕ የሚሆነው ግን ብቸኛዋ ክራር ደርዳሪ ከተቀባባሪዋ ጋር አብራ ስትጠና ነው።