ከማን ጋር ትጫወታለህ? የይድነቃቸው ተሰማ ሕይወትና የአዲስ አበባ ኳስ

ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ግብጽን 2 ለ 0 ሲያሸንፍ ጨዋታውን ያየሁት ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር አንድ ካፌ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። ዳዋ ሆቴሳና ሽመልስ በቀለ ጎሎቹን ሲያስቆጥሩ ካፌው በጩኸት ተናወጠ። ጩኸቱ በረድ ሲል ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ባለሜዳ የተባልነው እኛ ነን፤ የምንጫወተው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የአገራችን ስታዲየሞች መስፈርቴን አያሟሉም ካለበት ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ቡድናችን “የሜዳውን” ጨዋታ ለዓመታት በሰው አገር አድርጓል።

ይህን ያለው ካፍ ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ፣ በኋላም ለ15 ዓመታት ፕሬዚዳንት ሆነው የመሩት ሰው ኢትዮጵያዊ ነበሩ። ይድነቃቸው ተሰማ ይባላሉ። ስማቸውን መጀመሪያ የሰማሁት ከአባቴ ነው። ልጅ ሆኜ ስታዲየም ይዞኝ ሲሄድ ካታንጋ ተቀምጠን ስለ እርሳቸው ብዙ ያወራኝ ነበር። ያኔ ብዙም አልገባኝም። አሁን ሳስበው ግን የእርሳቸው ሕይወት ከኳስ ታሪክነቱ ይልቅ የከተማችን ታሪክነቱ ይበልጥብኛል። አንድ ሰው ማን እንደሆነ የሚታወቀው ከማን ጋር እንዲጫወት እንደተፈቀደለት ነው የሚል ትምህርት አገኝበታለሁ።

ይድነቃቸው የተወለዱት ጅማ ውስጥ ነው። የልደት ቀናቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. ተብሎ ተመዝግቧል፤ የእንቁጣጣሽ ልጅ ናቸው ማለት ነው። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ናቸው። ነጋድራስ ተሰማ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀርመን አገር ሄደው ስለ አውቶሞቢል የተማሩ፣ እዚያው ሳሉም ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነበሩ። የልጅ ኢያሱ ወዳጅ ስለነበሩ የልጅ ኢያሱ መውደቅ ለእርሳቸውም ተረፈ። እንግዲህ ልጁ ያደጉት ሙዚቃ፣ መኪናና ፖለቲካ በአንድ ጣሪያ ሥር ባደሩበት ቤት ነው። የአዲስ አበባ ዘመናዊነት በዚህ ቤት ደጃፍ አልፏል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አዲስ አበባ ያኔ ትንሽ ከተማ ብትሆንም ሕዝቧ የተደባለቀ ነበር። አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ሕንዱ፣ ዓረቡ፣ ጣሊያኑ በአራዳ ዙሪያ ሱቅና ወርክሾፕ ከፍቷል። ኳስ የመጣችውም በእነዚህ ሰዎች እጅ ነው። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የተባሉ ሁለት ወጣቶች የአራዳ ልጆችን ሰብስበው ቅዱስ ጊዮርጊስን ሲመሠርቱ የኢትዮጵያውያን የተባለ ቡድን ተወለደ። ልብ በሉ፤ ከሁለቱ መሥራቾች የአንደኛው ስም የግሪክ ስም ነው። “የኛ” የምንለው ቡድን ገና ከጥንስሱ ቅይጥ ነበር።

ስሙስ ለምን ጊዮርጊስ ሆነ? ለአራዳ ሰው ይህ ጥያቄ አያስፈልገውም። የሰፈሩ ደብር ጊዮርጊስ ነው። የአድዋ ድል የተገኘው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በጊዮርጊስ ዕለት ነው። ታቦቱም ከዘማቹ ጋር አድዋ ወርዶ ነበር፤ ካቴድራሉ የተሠራውም ለዚያ ድል መታሰቢያ ነው። ስለዚህ የሰፈር ልጆች ለቡድናቸው የመረጡት ስም የእምነት ስም ብቻ አልነበረም። ጣሊያን ድንበር ጥሶ በገባባቸው ወራት ጣሊያንን ያሸነፈውን ቀን የሚያስታውስ ስም ነው። አምስት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ገባ። በየካቲት 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ ወቅት ካቴድራሉን እሳት ለቀቁበት። ደብሩን ያቃጠለ ኃይል የቡድኑን ስም ይወደዋል ተብሎ አይጠበቅም።

ይድነቃቸው ቡድኑን የተቀላቀሉት ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ ነው። የወጣትነታቸው ምርጥ ዓመታት በወረራው ዘመን አለፉ። ፋሺስቶች ከተማዋን በቀለም ለሁለት ከፈሏት። ገበያው፣ መኖሪያው፣ መዝናኛው የነጭና የአገሬው ተብሎ ተለየ፤ ኳስም አልቀረላትም። ኢትዮጵያዊው ከነጭ ጋር እንዳይጋጠም ተከለከለ፤ አገሬው ከአገሬው ብቻ እንዲጫወት ተደረገ። እኔ እንደሚመስለኝ የክልከላው ምክንያት ግልጽ ነው። ሜዳ ላይ አሥራ አንድ ሰው ከአሥራ አንድ ሰው ጋር እኩል ይቆማል፤ ጥቁሩ ሊያሸንፍም ይችላል። ገዥ ነኝ የሚል ሰው ደግሞ በተገዥው ፊት መሸነፍን አይደፍርም። ወጣቱ ይድነቃቸው ይህን ትምህርት ከመጽሐፍ አላነበቡትም፤ በእግራቸው ኖሩት።

አገሪቱ በ1933 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ ከተማዋ ቅይጥነቷን እንደያዘች ነበር። በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲካሄድ የተወዳደሩት ቡድኖች የአዲስ አበባን ማኅበረሰብ በአንድ ሜዳ ያሰለፉ ነበሩ፦ የኢትዮጵያውያኑ ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን ቡድን። ዋንጫውን የወሰደው የእንግሊዞቹ ቡድን ነው። የአርመኑ ቡድን በኖኅ መርከብ ተራራ፣ የእኛው በሰማዕቱ ስም መጠራታቸው ያስገርመኛል። እሑድ ከሰዓት ሜዳ የሚወርደው ሰው ጠዋት በየቤተ ክርስቲያኑ ተለያይቶ ያስቀደሰው ሰው ነው። ከሰዓት በኋላ ግን አንድ ሜዳ ላይ ይገናኛል። ፋሺስት የከለከለውን መገናኘት ከተማዋ መልሳ አገኘችው።

የጊዮርጊስ ስምም ከጊዜ በኋላ ከደብሩ አጥር ወጥቶ የሁሉም ሆነ። አባቴ ካታንጋ አጠገቡ የሚቀመጥ አንድ የመርካቶ ነጋዴ ወዳጅ ነበረው። ዓርብ ዓርብ መስጊድ የማይቀር ሰው ነው፤ እሑድ ግን “ጊዮርጊስ!” እያለ ሲጮህ ድምፁ ይዘጋ ነበር። ማንም ግራ ሲገባው አላየሁም።

ይድነቃቸው በዚህ ማልያ 23 ዓመት ተጫወቱ። በ365 ጨዋታ 318 ጎል እንዳስቆጠሩ በሕይወት ታሪካቸው ተመዝግቧል። ከተጫዋችነቱ ጎን ለጎን ፌዴሬሽኑን ካቋቋሙትና ካደራጁት ሰዎች አንዱ ነበሩ። ተጫዋች፣ አሠልጣኝ፣ አደራጅ፣ ሁሉንም በአንድ ዕድሜ ሆኑት።

አሁን ወደ ካርቱም እንሻገር። በየካቲት 1949 ዓ.ም. ግብጽ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ካፍን ሊመሠርቱና የመጀመሪያውን የአፍሪካ ዋንጫ ሊጫወቱ ተሰባሰቡ። ደቡብ አፍሪካ ወይ ሁሉም ነጭ፣ ወይ ሁሉም ጥቁር የሆነ ቡድን እንጂ ቅይጥ ቡድን አልልክም አለች። ሌሎቹ ሦስቱ እንዲህ ከሆነ አትጫወቺም ብለው አስወጧት። ኢትዮጵያን ወክለው ከተገኙት መካከል ይድነቃቸው ነበሩ። ይህ ቃል ለእርሳቸው አዲስ አልነበረም። ነጭ ከጥቁር አይጫወትም የሚለውን ሕግ ከ20 ዓመት በፊት አዲስ አበባ ላይ ሰምተውታል። ደቡብ አፍሪካ ስለተባረረች ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች፤ በፍጻሜው ግን በግብጽ 4 ለ 0 ተሸነፈች።

ብድሩ የተመለሰው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ እሑድ፣ ጥምቀት በዋለ በሦስተኛው ቀን፣ ከተማው ገና ከበዓሉ ሳይወጣ፣ ኢትዮጵያና ግብጽ (ያኔ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ) አዲስ አበባ ስታዲየም ለዋንጫ ተገናኙ። ቡድኑን የመሩት ይድነቃቸው ነበሩ። ግብጽ ሁለት ጊዜ መራች፤ ግርማ ተክሌና ኢታሎ ቫሳሎ ሁለት ጊዜ አቻ አደረጉ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ አንድ፣ መንግሥቱ ወርቁ አንድ አክለው 4 ለ 2 አለቀ። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነው፤ የኢታሎ ወንድም። ሁለቱም አስመራ ከጣሊያን አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለዱ ናቸው። የፋሺስት የዘር ሕግ እንደ ነውር የሚቆጥረው ልጅ የኢትዮጵያን ዋንጫ ከፍ አድርጎ ያዘ። የዚያን ዕለት ስታዲየሙ ያየው መልስ ከዚህ በላይ ምን ይሁን?

ከዚያ በኋላ ትግሉ ወደ ፊፋ አዳራሽ ገባ። ፊፋ ለ1966 (እ.ኤ.አ.) የዓለም ዋንጫ ለአፍሪካ፣ ለእስያና ለኦሺኒያ በጋራ አንድ ቦታ ብቻ በመስጠቱ አፍሪካ ራሷን አገለለች፤ ለ1970ው የራሷን ቦታ አገኘች። በ1972 (እ.ኤ.አ.) ይድነቃቸው የካፍ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ደቡብ አፍሪካን ከፊፋ ለማስወጣት ዓመታት ታግለው በ1976 (እ.ኤ.አ.) ሞንትሪያል ላይ ተሳካላቸው።

ነገር ግን መርሕ ዋጋ ያስከፍላል። በዚያው ወር፣ በዚያችው ሞንትሪያል፣ የአፍሪካ አገሮች የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጫወቱ ከኦሎምፒኩ ወጡ። ኢትዮጵያም ወጣች። ምሩፅ ይፍጠር በሙሉ አቅሙ ሳለ ሳይሮጥ ተመለሰ፤ ሁለቱን ወርቅ ለማግኘት እስከ 1980ው (እ.ኤ.አ.) ሞስኮ መጠበቅ ነበረበት። አባቴ የአፓርታይድን ነገር ሲያነሳ በአቋሙ ይኮራ ነበር፤ የምሩፅን ሲያነሳ ግን ዝም ይላል። ሁለቱም ስሜት እውነት ይመስለኛል። ሌሎች ሰዎች ዕድላቸውን የሚያጡበትን ውሳኔ መደገፍ ለማንም ቀላል አይደለም።

ይድነቃቸው የሚከራከሩባቸው ሌሎች ጉዳዮችም ነበሩ። ስፖርት በመጠጥና በሲጋራ ማስታወቂያ መደገፉን ይቃወሙ ነበር። የአፍሪካ ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ መፍለስም ያሳስባቸው ነበር። በዚህ በኩል ጊዜው አልሰማቸውም። እኛ ዛሬ ቅዳሜና እሑድ ካፌ ሞልተን የምናየው የእንግሊዝ ሊግ ነው፤ ማልያችንም የአርሴናልና የማንቸስተር ሆኗል። የአዲስ አበባ ወጣት ሰፈሩን ሲጠየቅ በቡድን መመለስ የጀመረው በአራዳ ቡድን ነበር፤ አሁን በለንደን ቡድን ይመልሳል። ክፉ ነው አልልም፤ እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝ። ነገር ግን የራስን ሜዳ ትቶ የሰውን ሜዳ መውደድ ምን እንደሚያስቀር ማሰብ አይከፋም።

ይድነቃቸው ያረፉት ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. አዲስ አበባ ነው፤ ካንሰር ታመው ነበር። ቀኑ ቡሄ ነው። በእንቁጣጣሽ ተወልደው በቡሄ አረፉ። ልጆች በየደጁ ሆያ ሆዬ በሚሉበት ቀን ይህ ሰው ከተማውን ተሰናበተ። ንጉሣዊውን ሥርዓት፣ ወረራውንና አብዮቱን አይተው፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው የአፍሪካ ኳስ ፕሬዚዳንት ነበሩ።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ አሮጌ ሰፈሮች ሲፈርሱ አንድ ቀን ከሥራ ወጥቼ በእግሬ አለፍኩ። ዶሮ ማነቂያ የነበረው ባዶ መሬት ሆኗል። ኳስ የተለጋባቸው ጠባብ መንገዶች፣ ቡድን የተጠነሰሰባቸው ደጃፎች የሉም። ካቴድራሉ ግን ከተቃጠለበት ታድሶ አሁንም ቆሟል፤ የቡድኑም ስም አለ። ሰፈር ሲፈርስ ስም ይቀራል። ስሙ ግን ሜዳ ይፈልጋል። ይድነቃቸው ዕድሜያቸውን የጨረሱት ማንም ሰው በቀለሙ ምክንያት ከሜዳ እንዳይከለከል ነው። እኛን ከራሳችን ሜዳ ከልክሎን የነበረው ግን የቀለም ሕግ አልነበረም፤ ሣሩን፣ ወንበሩንና መብራቱን በጊዜ ባለማሰናዳታችን ነው። ይህን ደግሞ ካርቱም ሄደን የምንከራከርበት ጉዳይ አይደለም።