የእንዶዱ ሰው፦ ዶክተር አክሊሉ ለማና ዘግይቶ የመጣው ሽልማት

የምረቃ ሰሞን በደረሰ ቁጥር በእኛ በተማሪዎች መሃል አንድ የማያልቅ ክርክር ይነሳል። ዋንጫው ለማን ይሰጥ? የሚገባው ውጤቱ ከሁሉ ለበለጠ ነው ወይስ ለሰው የሚጠቅም ነገር ለሠራ? ከመምህራንስ፣ ከቀድሞ ምሩቃንስ የትኛው ይሸለም? ዘንድሮም ይኸው ክርክር ሻይ ቤት ውስጥ ሲጦፍ አንድ ጓደኛዬ ድንገት የዶክተር አክሊሉ ለማን ስም ጠራ። ጠረጴዛው ዙሪያ ከነበርነው ግማሾቻችን ስማቸውን የምናውቀው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለው የምርምር ተቋም ስያሜ ብቻ ሆኖ ተገኘን። እኔም ከእነዚሁ አንዱ ነበርኩ። አፍሬ ማንበብ ጀመርኩ፤ ይህ ጽሑፍ የመጣው ከዚያ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

አክሊሉ ለማ የተወለዱት በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው። ከፍተኛ ትምህርታቸውን ለመከታተል ወደ አሜሪካ ሄደው በ1964 ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። እዚያው መቅረት ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን እንደ ብዙዎቹ የዚያ ዘመን ምሁራን ወደ አገራቸው ተመለሱ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ ማለትም የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በዚያ ስም ከተቋቋመ ገና 3 ዓመቱ ነበር። ወጣቱ ምሁር ይዘውት የተነሱት ጉዳይ ቢልሃርዚያ ነው።

ስለ በሽታው ጥቂት ካላልኩ የቀረው ታሪክ አይገባም። ቢልሃርዚያን የሚያመጣው በሰው ደም ሥር ውስጥ የሚኖር ትል ነው። እኛ አገር በብዛት የሚታየው ዓይነት እንቁላሉ ከዓይነ ምድር ጋር ይወጣና ወንዝ ወይም ኩሬ ውስጥ ይገባል። እዚያ ተፈልፍሎ ቀንድ አውጣ ይፈልጋል። ቀንድ አውጣዋ ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ በዝቶ ይወጣል፤ ከዚያም ውሃው ውስጥ የገባውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ልብስ የምታጥብ ሴት፣ የሚዋኝ ልጅ፣ መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ፣ ማንም አይቀርለትም። በሽታው እንደ ወባ ወዲያው አይጥልም። ቀስ እያለ ጉበት ይጎዳል፣ ሆድ ያሳብጣል፣ ልጅ ያቀጭጫል። በዓለም ላይ 200 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደተያዘ ይገመት ነበር። የጊዜው መድኃኒት ራሱ በሽተኛውን የሚያንገላታ ስለነበር ብዙ ባለሙያዎች መሃል ላይ ያለችውን ቀንድ አውጣ ማጥፋት ይሻላል ይሉ ነበር። ለዚህ የሚሆን ኬሚካል አለ፤ ነገር ግን ከአውሮፓ በውጭ ምንዛሪ ነው የሚገዛው፤ ዋጋው ደግሞ ለድሃ አገር የሚቀመስ አይደለም።

አክሊሉ በ1964 ቀንድ አውጣዎቹን ለማጥናት ዓድዋ ሄዱ። ወንዝ ዳር ሴቶች ልብስ ያጥባሉ፤ የሚያጥቡት በእንዶድ ነው። እንዶድ ለዛሬው የከተማ ልጅ አዲስ ሊሆን ይችላል እንጂ ኦሞና ላርጎ ሳይመጡ የአገሩ ሳሙና እሱ ነበር። ፍሬው ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ በውሃ ሲመታ አረፋ ያወጣል። አያቴ እስከ መጨረሻው ድረስ ነጠላዋን በሌላ ነገር አላስነካም ብላ ነው የሞተችው። ስለዚህ ወንዝ ዳር እንዶድ ማየት ለማንም ብርቅ አልነበረም። ዶክተሩ ያዩት ሌላ ነገር ነው። ሴቶቹ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተዋል፤ ሌላው ቦታ ያሉት ግን ደህና ናቸው። ከአጣቢዎቹ አንዷን ከእንዶዱ አረፋ ላይ ጥቂት ወስዳ፣ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎች በተቀመጡበት ዕቃ ውስጥ እንድታደርግላቸው ጠየቋት። አደረገች። ብዙም ሳይቆይ ቀንድ አውጣዎቹ አለቁ።

ከታሪካቸው ሁሉ እኔ የምወደው ይህቺን ቦታ ነው። በዚያ ወንዝ ስንት የተማረ ሰው አልፎ ይሆን? ለአላፊ አግዳሚው ልብስ ማጠብ ልብስ ማጠብ ነው። እሳቸው ግን አጣቢዋን ጠየቁ፤ የመጀመሪያው ሙከራም የተደረገው በእሷ እጅ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ ላቦራቶሪ የገባው።

በ1966 በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ፤ መሥራቹና የመጀመሪያው ዳይሬክተር አክሊሉ ነበሩ። እዚያ የተጠናው ቢልሃርዚያ ብቻ አልነበረም። ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ሆነው ቁንጭርን የሚያመጣውን የሌሽማንያ በሽታ በተመለከተ ያደረጉት ጥናትም የታወቀ ነው። ዋናው ሥራ ግን ዓድዋ ላይ ተካሄደ። ከ1969 እስከ 1974 ድረስ 17 ሺህ ያህል ሕዝብ በነበረባት በዚያች ከተማ ውሃዎቹ በእንዶድ እየታከሙ የሕዝቡ ጤና ተመረመረ። ሲጀመር ከመቶው ሰው 63 ያህሉ በበሽታው ተይዞ ነበር፤ ከ5 ዓመት በኋላ ወደ 33 ገደማ ወረደ። ይበልጥ የሚገርመው የሕፃናቱ ነው። ከትንንሾቹ መካከል የተያዙት ከመቶ 50 ወደ 7 ዝቅ አሉ። ለምን ሕፃናቱን ለይተው አዩ ቢባል፣ በሽታው አንዴ የገባበት ትልቅ ሰው ቀንድ አውጣ ስለሞተ ብቻ አይድንም። ውሃው ንጹሕ መሆኑን የሚመሰክረው አዲስ የተወለደውና ገና ያልተያዘው ልጅ ነው። እንደ ተማሪ ሳየው፣ ጥናት እንዴት እንደሚታቀድ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ ክፍል ውስጥ አላጋጠመኝም።

አሜሪካ ካለው ከስታንፎርድ የምርምር ኢንስቲትዩት ኬሚስቶች ጋር በመተባበርም ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ንጥረ ነገር ከፍሬው ተለይቶ ወጣ። ስሙም ለማቶክሲን ተባለ። አባታቸው ለማ እንግዲህ በኬሚስትሪ መዝገብ ውስጥ ገቡ ማለት ነው! ከማንኛውም ሜዳልያ ይልቅ ይህ ለእኔ ትልቅ ክብር ይመስለኛል፤ ሌሎች ሊስቁብኝ ይችላሉ።

እዚህ ላይ ሲደርስ ነገሩ በቀላሉ ይቀጥላል ብሎ የሚያስብ ሰው ይኖራል። አልቀጠለም። እንዶድ በሌሎች አገሮች በሰፊው እንዲሠራበት ከተፈለገ የዓለም ጤና ድርጅት ድጋፍ ያስፈልጋል፤ ድጋፉ ግን አልመጣም። የመርዛማነት ጥናቱ በቂ አይደለም፣ ዓለም አቀፍ ደረጃውን ጠብቆ በታወቁ ላቦራቶሪዎች አልተሠራም ተባለ። ጥያቄው ከነጭራሹ መሠረተ ቢስ ነው ማለት አይቻልም። ውሃ ውስጥ የሚጨመር ነገር ዓሣና እንስሳ ላይ፣ ሰው ላይ ምን እንደሚያደርግ መታወቅ አለበት፤ እንዶድ ደግሞ ዓሣም ይገድላል። ግን እንዲህ ያለውን ጥናት ለማሠራት የሚጠይቀው ገንዘብ አንድ የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ከየት ያመጣዋል? ለንግድ ኬሚካል ወጪውን የሚሸፍን ኩባንያ አለ። አጥር ላይ ለሚበቅል ቁጥቋጦ ግን ባለቤት የለውም። አክሊሉ ደጋግመው የሚያነሱት ቅሬታም ይኸው ነበር፤ ችግሩ የእንዶዱ ሳይሆን ከአፍሪካ የሚወጣ ሳይንስ የሚያምነው ማጣቱ ነው የሚል። ደረጃውን የጠበቀው የመርዛማነት ጥናት በመጨረሻ በካናዳ ድጋፍ ሲሠራ ከዓድዋው ወንዝ ወዲህ 25 ዓመት ገደማ አልፎ ነበር።

በዚህ መሃል አብዮቱ መጣ። እሳቸውም ከአገር ወጥተው በተባበሩት መንግሥታት ውስጥ በሳይንስና ቴክኖሎጂ ዘርፍ፣ በኋላም ፍሎረንስ፣ ጣሊያን በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ልማት ማዕከል በምክትል ዳይሬክተርነት ሠሩ። አገር ውስጥ ሥራውን የያዙት ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። እንዶድ እንዶድ ነው ብለን እናልፈዋለን እንጂ ዓይነቱ ብዙ ነው፤ አንዱ ፍሬው ይበዛል፣ አንዱ ተባይ ያጠቃዋል፣ አንዱ ቀንድ አውጣ የመግደል ኃይሉ ደካማ ነው። ለገሠ ከየቦታው ሰብስበው፣ ተክለው፣ ዓመታት አወዳድረው ዓይነት 44 ተብሎ የሚታወቀውን መረጡ። ይህ ሥራ ወንዝ ዳር እንደተደረገው ግኝት ለወሬ አይመችም። ተክሎ መጠበቅ፣ መቁጠር፣ መመዘን ነው። ያለሱ ግን እንዶድ የልብስ ሳሙና ሆኖ ይቀር ነበር።

ሽልማቱ የመጣው በ1989 ነው። አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የስዊድን ሽልማት አክሊሉና ለገሠ በጋራ አገኙ። ይህን ሽልማት በ1980 ያቋቋሙት ያኮብ ፎን ኡክስኩል የሚባሉ ሰው ሲሆኑ ገንዘቡን ያገኙት ያጠራቀሟቸውን የፖስታ ቴምብሮች ሸጠው ነው። የኖቤል ሽልማት የድሃውን ዓለም ችግር ለሚፈቱ ሰዎች ቦታ አልሰጠም ብለው ስላመኑ ነው እንዲህ ያደረጉት። በዚያው ዓመት ከተሸላሚዎቹ መካከል የአገራችንን የእህል ዘር በመጠበቅ የሚታወቁት ዶክተር መላኩ ወረደም ነበሩ። በአንድ ዓመት ሦስት ኢትዮጵያውያን! ያ ጊዜ አገሪቱ በዓለም ዜና የምትነሳበት ጉዳይ ረሃብና ጦርነት ብቻ ነበር። ሦስቱም የተሸለሙት ገበሬው ማሳና አጥር ላይ ባለው ነገር ሠርተው መሆኑን ሳስብ ደስ ይለኛል። የሽልማቱ ዳኞች ለገሠን አለመርሳታቸውም ሊመሰገን ይገባል። እኛ ጋ ቢሆን ዋንጫው ለስመ ጥሩው ተሰጥቶ ሌላው እንዲያጨበጭብ ይደረግ ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ።

ቀጣዩ ክብር ግን ጣጣ ይዞ መጣ። በ1990 አክሊሉ ኦሃዮ የሚገኘው የቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዲግሪ ሊሰጣቸው ጠራቸው። በዚያ ወቅት የአሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች በአንድ ከአውሮፓ በመርከብ ውሃ በገባ ዚብራ መስል በሚባል ባለ ቅርፊት ፍጥረት ተወርረው ነበር። የውሃ ቱቦ እየደፈነ ከተሞቹን አስቸግሯል። አክሊሉ ይህን ሲሰሙ እንዶድ ይሞከርበት አሉ። ከዩኒቨርሲቲው ባዮሎጂስቶች ጋር ሲሞከር ሠራ። የክብር እንግዳ ሆነው ሄደው ሌላ ግኝት ትተው ተመለሱ ማለት ነው። ከዚያ ዩኒቨርሲቲው በዚህ አጠቃቀም ላይ ፓተንት አወጣ። አክሊሉ ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ተብለው ስማቸው ሰፍሯል፤ የመብቱ ባለቤት ግን ዩኒቨርሲቲው ሆነ። ስለ ብዝኃ ሕይወት የሚሟገቱ ድርጅቶች ይህን አጥብቀው ነቀፉ፤ ለዘመናት እንዶድን ያለሙትና ጠባዩን ያወቁት የኢትዮጵያ ገበሬዎችና ሴቶች ከዚህ ምን አገኙ ብለው ጠየቁ። የእንዶድ ጉዳይ ዛሬም ስለ ባህላዊ ዕውቀት ባለቤትነት ሲወራ በምሳሌነት የሚነሳው በዚህ ምክንያት ነው። አክሊሉን በዚህ የሚወቅስ አለ። እኔ አልወቅሳቸውም፤ ለ25 ዓመት ስለ እንዶድ የሚሰማቸው ያጡ ሰው የሚሰማ ሲያገኙ መናገራቸው አያስገርምም። ቢሆንም ጥያቄው ትክክል ነው።

እንዶድ ቢልሃርዚያን ከአገራችን አጠፋ ብዬ ብጽፍ ደግሞ ውሸት ይሆናል። አላጠፋም። ፕራዚኳንቴል የሚባለው፣ ባንድ ጊዜ የሚዋጥና በሽተኛውን ብዙ የማያንገላታው መድኃኒት ከመጣ በኋላ፣ በተለይ ዋጋው ሲረክስ፣ የዓለም ትኩረት ከቀንድ አውጣ ወደ ኪኒን ዞረ። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የሚታደለው እሱ ነው። ይሁንና ኪኒን የዋጠው ልጅ እዚያው ውሃ ውስጥ ተመልሶ ሲገባ መልሶ ይያዛል፤ ቀንድ አውጣን መቆጣጠር እንደገና መነሳት የጀመረውም ለዚህ ነው።

አክሊሉ በመጨረሻ ወደተማሩበት ወደ ጆንስ ሆፕኪንስ ተመልሰው እየሠሩ ሳለ በሚያዝያ 1997 አረፉ። ያቋቋሙት ኢንስቲትዩት አክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ በስማቸው ተሰየመ።

ይህን ጽሑፍ ለጓደኛዬ ከማስረከቤ በፊት አንብቤለት ነበር። ዝም ብሎ ሰምቶ ሲያበቃ፣ ዕቃው ውስጥ አረፋውን የጨመረችው ሴትዮ ከሽልማቱ የትኛው ደረሳት አለኝ። ወደ ሻይ ቤቱ ክርክር ተመለስን።