ቅድስት ማርያም ግብፃዊትና የተዘጋው በር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ አንባብያን፣ እስኪ ልጅነታችሁን አስታውሱ። ድርገት ሲወርድ እናታችሁ እጃችሁን ይዛ፣ ነጠላችሁን አስተካክላ ወደ ሥጋ ወደሙ ታቀርባችሁ ነበር። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ክርስትና ከተነሣን ጀምሮ የቅድስናው ማዕድ የእኛም ነበረ። ታዲያ መቼ ነው የቀረነው? ብዙዎቻችን ቀኑን አናውቀውም። መጀመሪያ ከሕፃናት ጋር መሰለፍ አሳፈረን። ቀጥሎ የምንደብቀው ነገር መጣ። ከዚያ በኋላ ቅዳሴውን ከቅጽሩ ዛፍ ሥር ቆመን መስማት ለመድን። ዛሬ ቁርባን የሕፃናትና የአረጋውያን ብቻ መስሎን ተቀምጠናል። ንጽሕና እንዲህ ነው የሚጠፋው፤ ሳይታወቅ፣ ቀስ በቀስ።

ይህን ነገር ከቅድስት ማርያም ግብፃዊት በላይ የሚያስተምረን የለም። ዕረፍቷን ቤተ ክርስቲያናችን ሚያዝያ 6 ቀን ታስባለች። ታሪኳም በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ተጽፎ በመላው የክርስቲያን ዓለም ተሰራጭቷል።

ማርያም የግብፅ ልጅ ናት። ገና የ12 ዓመት ልጅ ሳለች የእናት አባቷን ፍቅር ንቃ፣ ቤቷን ጥላ ወደ እስክንድርያ ከተማ ሄደች። በዚያም 17 ዓመት በዝሙት ኖረች። ልብ በሉ! ድህነት አስገድዷት አልነበረም። ብዙ ጊዜ ገንዘብ ሲሰጧት አትቀበልም፤ ለምግቧ ትለምናለች፣ የተልባ እግር ፈትላ ታድራለች። ኃጢአቱ መተዳደሪያዋ ሳይሆን ልማዷ ሆኖ ነበር።

እዚህ ላይ ግን ቆም እንበል። የ12 ዓመት ልጅ ሕፃን ናት። ያቺ ሕፃን በዚያ ትልቅ ከተማ ስትባዝን ያዩ አዋቂዎች የት ነበሩ? አንዱ እንኳ እጇን ይዞ ወደ ቤቷ አልመለሳትም፤ ይልቁንም የጠፋችበትን መንገድ አሰፉላት። እርሷ በኋላ ዘመኗ ጥፋቱን ሁሉ በራሷ ላይ አደረገች፤ ይህ የንስሐ ሰዎች ጠባይ ነው። እኛ ግን ጌታችን ሕፃናትን ስለሚያሰናክሉ ሰዎች የተናገረውን ከባድ ቃል መርሳት የለብንም። እናንተ ወላጆች፣ ልጃችሁ ከማን ጋር እንደሚውል ታውቃላችሁን?

ከ17 ዓመት በኋላ ብዙ ሕዝብ ለመስቀል በዓል ወደ ኢየሩሳሌም በመርከብ ሲሄድ አየች። ለመሳለም ብላ አልሄደችም፤ ለዚያው ልማዷ ብላ እንጂ። የመርከቡንም ዋጋ በኃጢአት ከፈለች። በበዓሉ ቀን ግን ሰው ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ እርሷም ልትገባ ስትሞክር የማይታይ ኃይል ከበሩ መለሳት። ደግማ ሞከረች፣ ሠለሰች፤ ሌላው ሁሉ ይገባል፣ እርሷ ብቻ አልቻለችም። ያን ጊዜ ከበሩ አጠገብ ጥግ ይዛ ቆመችና ነፍሷን አየች። እስከዚያ ቀን ድረስ ምን እንዳጣች አታውቅም ነበር። ልቧ ተሰብሮ አለቀሰች። ቀና ስትል የእመቤታችንን ሥዕል አየች፤ መስቀሉን ካየች ዓለምን እንደምትተው ቃል ገብታ እመቤታችንን ዋስ ጠራች። ከዚያ በኋላ በሩ ተከፈተላት። ገብታም ቅዱስ መስቀሉን ተሳለመች።

ዮርዳኖስን ብትሻገር ዕረፍት እንደምታገኝ ድምፅ ተሰማት። ሰው በሰጣት 3 ሳንቲም 3 ዳቦ ገዝታ ተነሣች። በዮርዳኖስ አጠገብ ባለው በመጥምቁ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ሥጋ ወደሙን ተቀብላ ወንዙን ተሻገረች፤ በበረሃውም ከ40 ዓመት በላይ ብቻዋን ኖረች።

ሁሉ ነገር በአንድ ቀን የቀለላት እንዳይመስላችሁ። የግብፅ ሥጋና ዓሣ፣ ወይን ጠጁ፣ የጭፈራው ዘፈን ሁሉ በሐሳቧ እየመጣ 17 ዓመት ተዋጋት። በኃጢአት የኖረችው 17 ዓመት ነበር፤ የታገለችውም 17 ዓመት ሆነ። መሬት ላይ ወድቃ እያለቀሰች እመቤታችንን ትማጸን ነበር፣ እስኪያልፍ ድረስ። እንግዲህ ንስሐ ገብቼ ሐሳቡ ለምን አልተወኝም ብላችሁ ተስፋ የቆረጣችሁ ካላችሁ፣ የእርሷን ዓመታት ቁጠሩ።

በዚያ ዘመን አባ ዞሲማስ የሚባሉ መነኩሴ ነበሩ። ከሕፃንነታቸው በገዳም አድገው፣ በምንኩስና ከእኔ የሚበልጥ ይኖር ይሆን የሚል ሐሳብ መጣባቸው። እግዚአብሔርም በዮርዳኖስ አጠገብ ወዳለ ገዳም መራቸው። የዚያ ገዳም መነኮሳት በዐቢይ ጾም መጀመሪያ ወንዙን ተሻግረው በበረሃ ይጾሙና ለሆሣዕና ይመለሳሉ። አባ ዞሲማስም በዚያ በረሃ ቅድስት ማርያምን አገኟት። ልብሷ አልቆ ነበርና መጎናጸፊያቸውን ወረወሩላት። ሳታውቃቸው በስማቸው ጠራቻቸው፤ ታሪኳንም ሳትደብቅ ነገረቻቸው። በገዳም ያረጁት አባት ከዚያች ሴት ፊት ተማሪ ሆኑ።

በሚቀጥለው ዓመት ጸሎተ ሐሙስ ዕለት በጠየቀቻቸው መሠረት ሥጋ ወደሙን ይዘው ከወንዙ ዳር ጠበቋት። በዮርዳኖስ ላይ አማትባ በውኃው ላይ እየተራመደች መጥታ ተቀበለች። በሦስተኛው ዓመት ሲመጡ ዐርፋ አገኟት። ስሟን ያወቁት ያን ጊዜ ነው፤ እንዲቀብሯት ለምና በመሬት ላይ ጽፋው ነበር። ያረፈችውም በቆረበችበት ሌሊት ነበር። አንበሳ መጥቶ መቃብሯን በመቆፈር ረዳቸው።

የተወደዳችሁ፣ ለእርሷ በሩን የዘጋው እግዚአብሔር ነው፤ ያውም ልትመለስ እንድትነቃ ነው። እኛን ግን ማን ከለከለን? በሩ ክፍት ነው፣ ካህኑ ቆሟል፤ ከዛፉ ሥር የቆምነው በራሳችን ነው። የልጅነት ንጽሕና አለማወቅ አለበት። በንስሐ የሚገኘው ንጽሕና ግን ክፉውን አውቆ የተወ ነው፤ ስለዚህ እንባ ይጠይቃል። በዚህ የ55 ቀን ጾም ከምግብ ብቻ አንከልከል። ሳትዘገዩ ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ፤ የደበቃችሁትን ንገሩ፤ የሚሰጧችሁን ቀኖና ፈጽሙ። ከዚያም እንደ ሕፃንነታችሁ ነጠላችሁን አስተካክላችሁ ቅረቡ።

የቅድስት ማርያም ግብፃዊት በረከቷ ይደርብን። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።