በጉድሩ መንገድ ያለፉት የሰማይ አጥኚ

በረመዳን ልጆች ሰማይ ማየት ይወዳሉ። በነቀምቴም ሆነ በሻምቡ ጨረቃዋ ትታይ እንደሆነ ለማየት ደጅ የማይወጣ የለም። ከኢፍጣር በኋላም ጥያቄው አያልቅም፤ ጅራታም ኮከብ ከየት ይመጣል? መጀመሪያ የሚያየውስ ማነው? እኛም ዛሬ በወለጋ ምድር ያለፉ አንድ የሰማይ አጥኚን ልናወጋችሁ ወደድን። እኚህ ሰው ጅራታም ኮከብ አላገኙም። በከዋክብት እየተመሩ ግን አገራችንን ለክተዋል።

አንቷን ዳባዲ እ.ኤ.አ. በ1810 በደብሊን ከባስክ አባትና ከአየርላንዳዊት እናት ተወለዱ፤ ያደጉት ፈረንሳይ ነው። በ1838 ከወንድማቸው ከአርኖ ጋር ምጽዋ ደረሱ። ከዚያ እስከ 1848 ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፉት በአገራችን ነበር።

በ1843 ወደ ሊሙ እናርያ ወረዱ። መንገዱ የሲራራ ነጋዴ መንገድ ነው፤ ከጎጃም ባሶ ገበያ ተነስቶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ በጉድሩ አሰንዳቦ በኩል ያልፋል። ዛሬ ሆሮ ጉድሩ ወለጋ የምንለው አገር ማለት ነው። ወርቁ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ዝባዱና ቡናው በሙስሊም ነጋዴዎች እጅ በዚህ ይመላለስ ነበር። ሳንሸፋፍን እንናገር፣ ባሪያም ይነዳበት ነበር። የእናርያው ሙስሊም ንጉሥ አባ ባጊቦ እንግዳውን ተቀበሏቸው፤ ከከፋ ሙሽራ ሊያመጡ ከተላኩት ሰዎች ጋርም ከፋ ድረስ ዘለቁ።

ሥራቸው ትዕግሥት የሚጠይቅ ነበር። ሌሊት የኮከብን ከፍታ ይለካሉ፤ ከዚያም የቆሙበት ቦታ ከምድር ወገብ ምን ያህል እንደሚርቅ ያሰላሉ። ቀን ኮረብታ ላይ ወጥተው በቴዎዶላይት ከተራራ ወደ ተራራ ያነጣጥራሉ። በዚህ መንገድ ከ800 በላይ ቦታዎችን በካርታ ላይ አኖሩ። ጎን ለጎን ከ200 በላይ የብራና መጻሕፍት ሰበሰቡ፤ በ1881 ደግሞ የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተሙ።

ታዲያ ይህን ያህል ጠንቃቃ ሰው በወንዝ ተሳሳቱ። በ1846 ከወንድማቸው ጋር የጊቤን ምንጭ አግኝተው የነጭ ዓባይ መነሻ ይህ ነው አሉ። ጊቤ ግን ወደ ኦሞ፣ ኦሞም ወደ ቱርካና ሐይቅ ነው የሚሄደው። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ ከዚህም አልፎ ከፋ መድረሳቸውን ራሱ ተጠራጠረ። እኛ እንደሚመስለን ይህኛው ክስ ግፍ ነበረበት፤ የወንዙ ጉዳይ ግን የራሳቸው ጥፋት ነው። ለዓመታት ተሟገቱለት እንጂ በቀላሉ አልተዉትም።

በኋላ በፈረንሳይ ዳርቻ በአንዳይ፣ ባሕር ዳር ላይ፣ ኮከብ መመልከቻ ያለው ግንብ አሠሩ። ግድግዳው ላይ የእኛው ፊደልና የሐበሻ አገር ሥዕል አለ። ደረጃው ሥር መብራት ይዞ የቆመው ሐውልት አብዱላህ የተባለ ኢትዮጵያዊ ወጣት ነው። ስንቱ እንግዳ መብራቱን አይቶ ስሙን ሳይጠይቅ እንዳለፈ እንጃ።

በ1897 ሲያርፉ ግንቡ የፈረንሳይ ሳይንስ አካዳሚ ሆነ። ቃሉም በ50 ዓመት ውስጥ የግማሽ ሚሊዮን ከዋክብት መዝገብ እንዲዘጋጅ ነበር።

በዚያው ግንብ አንድ ቀዳዳ አለ። ብርሃን በአየር ውስጥ እንዴት እንደሚታጠፍ ለማጥናት፣ ግድግዳዎቹን በስቶ ወደ ሩቁ የላ ሩን ተራራ እንዲያሳይ ያስቀደዱት ነው። ሙከራው አልሠራም። ዳባዲም ምንም እንዳላዩና ምንም እንዳልተማሩ በባስክ ቋንቋ ድንጋዩ ላይ አስቀረጹ።