ከውሻው ኋላ እየሄደ ገባሩን ያገኘ ደራሲ

በእኛ አገር ስለ ውሻ መጻፍ እምብዛም የተለመደ አይደለም። ውሻ ለአብዛኞቻችን የግቢ ጠባቂ ነው። ከበር ውጭ ያድራል፣ የተረፈውን ይበላል፣ ስሙም ለስድብ ያገለግላል። እኔ ግን እንጀራዬ ከውሻ ጋር የተያያዘ ነው። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ሲኬድ አዘዞን አለፍ ብላ በምትገኘው ጠዳ ጥቂት ውሾች አራባለሁ፣ አሠለጥናለሁ። ዛሬ የማወጋችሁ ግን ስለ ራሴ ሳይሆን ከሙያዬ ሰዎች ሁሉ ይበልጥ ስለማከብረው ሰው፣ ስለ ሩሲያዊው ደራሲ ኢቫን ቱርጌኔቭ ነው።

ቱርጌኔቭን ብዙ አንባቢ የሚያውቀው ‹‹አባቶችና ልጆች›› በተሰኘው ልብ ወለዱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የወፍ አዳኝ፣ የውሻ ወዳጅና የውሻ ሥልጠና አዋቂ እንደነበረ ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ከውሻው ኋላ በእግሩ ሲዞር ያየውን ጽፎ ያሳተመው መጽሐፍ የሩሲያን ገባር ሥርዓት ካናጉት ጽሑፎች አንዱ ሆኗል።

የእናቱ ግቢ

ቱርጌኔቭ የተወለደው እ.ኤ.አ. በኅዳር 9 ቀን 1818 በኦርዮል ከተማ ነው። አባቱ የፈረሰኛ ጦር መኮንን ሲሆን ሀብቱ የእናቱ የቫርቫራ ፔትሮቭና ነበር። ስፓስኮዬ ሉቶቪኖቮ የተባለው ርስቷ ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ ገባሮች ነበሩት። ሴትዮዋ ቤቷን እንደ ትንሽ መንግሥት ታስተዳድር ነበር። አሽከሮቿን ታስገርፋለች፣ ካሻት ከቤተሰባቸው ነጥላ ወደ ሩቅ ቀበሌ ትሰዳለች። ልጆቿም ቢሆኑ ከበትሯ አላመለጡም።

እዚህ ላይ የሩሲያ ገባር ከእኛ አገሩ የተለየ መሆኑን ልብ ማለት ያሻል። የጎንደር ገበሬ በዘመነ መሳፍንትም ሆነ ከዚያ በኋላ ግብርና አሥራት ቢከብደውም በርስቱ ላይ ባለመብት ነበር። የሩሲያው ገባር ግን ራሱ ንብረት ነበር። ይሸጣል፣ በቁማር ይበላል፣ በሌላ ዕቃ ይለወጣል። ግሪቦዬዶቭ በጻፈው ዝነኛ ተውኔት ውስጥ አንድ ጌታ ሕይወቱንና ክብሩን ያተረፉለትን አሽከሮች በሦስት አዳኝ ውሾች እንደለወጣቸው ይወሳል። የዚያ ዘመን አንባቢ ይህን ሲሰማ አልተደነቀም፤ በአገሩ የሚያውቀው ነገር ነውና።

ቱርጌኔቭ በሞስኮ፣ በሴንት ፒተርስበርግና በበርሊን ተማረ። በእኛ ዘንድ በደም ዘመዳችን የምንለውን አሌክሳንደር ፑሽኪንን በሴንት ፒተርስበርግ ተማሪ ሳለ፣ ገጣሚው እ.ኤ.አ. በ1837 ከመሞቱ ጥቂት ቀናት በፊት በአንድ የሙዚቃ ዝግጅት ላይ ከሩቅ አይቶታል። ከአስከሬኑ የተቆረጠ ጥቂት ፀጉር አግኝቶም እስከ ዕለተ ሞቱ እንደ ቅርስ ይዞት ኖሯል።

ሁለት ዓይነት አደን

በሩሲያ ባላባቶች ዘንድ ሁለት ዓይነት አደን ነበር። አንደኛው የታላላቆቹ አደን ነው። ጌታው ፈረሱ ላይ ሆኖ በርካታ ሯጭ ውሾችን ከብዙ አሽከሮች ጋር ያሰማራል፣ ተኩላና ጥንቸል ያሳድዳል። ለዚህ ሲባል የሚሠራው የውሻ ቤት ሰፊ ነው። ውሾቹን የሚያበላ፣ የሚያጥብና የሚያሠለጥን ገባር ይመደብላቸዋል። ሁለተኛው ጠመንጃ ይዞ በእግር እየሄዱ ከአንድ ውሻ ጋር ወፍ ማደን ነው። ይህኛው ድግስም አጀብም የለውም። ቱርጌኔቭ የመረጠው ሁለተኛውን ነው፤ የሕይወቱም የሥነ ጽሑፉም አቅጣጫ በዚህ ምርጫ ተወሰነ።

የወፍ ውሻ ሥራ ለማያውቀው ሰው ትንሽ ላስረዳ። ይህ ውሻ አያሳድድም። አዳኙን ቀድሞ ከግራ ወደ ቀኝ እየተመላለሰ አየሩን ያሸታል። ቆቅ ወይም ድርጭት ሣሩ ውስጥ መደበቋን ሲያውቅ እንደ ሐውልት ደርቆ ይቆማል። አፍንጫው ወደ ወፏ፣ ጭራው ወደ ኋላ ተዘርግቶ፣ አንዳንዴም አንድ እግሩ ከመሬት ተነሥቶ ይጠብቃል። አዳኙ ደርሶ ወፏ እስክትነሣ ድረስ መዝለል የለበትም። ስትመታ ሄዶ ሳያኝካት ያመጣል።

መቆሙ በዘር የሚመጣ ነው፤ መጠበቁ ግን በትምህርት ነው። የእኔ ውሾች የአገር ውሾች ስለሆኑ የመቆሙ ነገር በደማቸው የለም፤ የማስተምራቸው መጠበቅን፣ መፈለግንና ማምጣትን ነው። ሥራው የሚጀመረው ፀሐይ ሳትወጣ፣ ጤዛው ሽታውን ይዞ ሳለ ነው። ረፋዱ ከሞቀ በኋላ የውሻው አፍንጫም ልቡም ይደክማል። ቡችላው በረጅም ገመድ ታስሮ ‹‹ና›› እና ‹‹ቁም›› የሚሉትን ሁለት ቃላት ይማራል። የወፍ ክንፍ በክር አስረን በእንጨት ጫፍ እናንቀሳቅስለታለን፤ ዘሎ ሊይዘው ሲል ክንፉ ይሸሻል፣ ሲረጋ ክንፉም ይረጋል። ትምህርቱ በቀን ከሩብ ሰዓት ቢበልጥ ይሰለቻል። ከዚያ ማብላት፣ ውኃ መቀየር፣ መዥገር መልቀም፣ ማደሪያውን መጥረግ አለ። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በየዓመቱ መድገምም እንዲሁ። በዱላ የተማረ ውሻ ሰው ሲያይ ይደነብራል፣ ወፍ ማሽተቱንም ይተዋል።

ያልተመገበው ውሻ

ቱርጌኔቭ በኦርዮል፣ በቱላና በካሉጋ አውራጃዎች ከውሻው ጋር ቀኑን ሙሉ ይጓዛል። ሲመሽበት ወይም ዝናብ ሲይዘው ከገበሬ ጎጆ ይጠጋል። በፈረስ ላይ ሆኖ የማይታየውን ሰው በእግሩ ሲሄድ አየው። እ.ኤ.አ. በ1847 ‹‹ሖርና ካሊኒች›› የተባለው አጭር ትረካው ‹‹ሶቭሬሜኒክ›› በተባለው መጽሔት ወጣ። በውስጡ ያሉት ሁለት ገባሮች ብልህ ባለ ሀብትና ገር ተፈጥሮ አፍቃሪ ናቸው። ካሊኒች ጌታውን በየቀኑ አደን ሲያጅብና ሻንጣ ሲሸከም የራሱን እርሻ የሚያርስበት ጊዜ አጥቷል።

ከትረካዎቹ ሁሉ እኔ ደጋግሜ የማነበው በዚያው ዓመት የወጣውን፣ የርሞላይ የተባለውን አዳኝ ገባር ታሪክ ነው። የርሞላይ ቫሌትካ የሚባል ውሻ አለው፤ አያበላውም። ውሻ ብልህ እንስሳ ስለሆነ ምግቡን ራሱ ይፈልግ ባይ ነው። ቫሌትካ ጎስቋላና ከሲታ ቢሆንም ሥራውን ይሠራል፣ ጌታውንም ጥሎ አይጠፋም። ‹‹ውሻ በበላበት ይጮኻል›› ለምንለው ለእኛ ይህ እንቆቅልሽ ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ አያበቃም። የርሞላይ ራሱ ለጌታው ማዕድ ቤት በየወሩ የተወሰነ የዱር ወፍ እንዲያስገባ ታዝዟል። ባሩድና እርሳስ ግን አይሰጠውም። ደራሲው እንደሚነግረን ጌታው የርሞላይን የያዘበት ደንብ የርሞላይ ውሻውን ከያዘበት ደንብ ምንም አይለይም። ድምፁን ከፍ ሳያደርግ፣ ሳይሰብክ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ጣል አድርጎ ያልፋል። አገሩ ከላይ እስከ ታች ያላበሉትን የማሠራት ሰንሰለት መሆኑን ለማሳየት ከዚያ በላይ አላስፈለገውም።

ቱርጌኔቭ ራሱን ከፍርድ አላወጣም። እ.ኤ.አ. በ1851 ባወጣው ትረካ ካስያን የተባለ ድንክ ገበሬ አዳኙን በድፍረት ይገሥጸዋል። የዱር ወፍ ለሰው ምግብነት አልተመደበችም፣ ደሟን ማፍሰስ ኃጢአት ነው ይለዋል። አዳኙ መልስ ያጣል። ደራሲው ማደኑን አልተወም፤ የገበሬውን ተግሣጽ ግን ከነክብሩ ጽፎ አስቀመጠው።

እስራትና ሙሙ

እ.ኤ.አ. በ1852 ጎጎል ሲሞት ቱርጌኔቭ የኀዘን ጽሑፍ አዘጋጀ። በሴንት ፒተርስበርግ ቢከለከልም በሞስኮ አሳተመው። በዚህ ሰበብ ለአንድ ወር ታሰረ፣ ከዚያም እስከ 1853 መጨረሻ ድረስ ከርስቱ እንዳይወጣ ተደረገ። በዚያው በ1852 ትረካዎቹ ‹‹የአዳኝ ማስታወሻ›› በሚል ርዕስ በመጽሐፍ ወጡ። እንዲታተም የፈቀደው የሳንሱር ሹም ከሥራው ተባረረ።

በእስር ቤት ሆኖ የጻፈው ‹‹ሙሙ››ን ነው። ገራሲም የተባለ መስማትና መናገር የተሳነው ግዙፍ ገባር ከውኃ ያወጣትን አንዲት ቡችላ ያሳድጋል። ቡችላዋ ጆሮዋ ረጅም፣ የወፍ ውሾች ወገን ከሆነው የስፓኝ ዘር የመጣች ናት። ሙሙ በአጠገቧ ስላላዳ እመቤቲቱ እንድትወገድ ታዛለች። ገራሲም በገዛ እጁ ያሰጥማታል፤ ከዚያም ጓዙን ጠቅልሎ በእግሩ ወደ ትውልድ መንደሩ ይሄዳል። ታሪኩ የቱርጌኔቭ እናት በነበራት አንድሬይ በተባለ ዲዳ የበር ጠባቂ ላይ የተመሠረተ ነው። እውነተኛው አንድሬይ ግን አልሄደም፤ እመቤቱን እስክትሞት አገልግሏል። ደራሲው ሰውዬው ያላገኘውን እርምጃ በታሪኩ ሰጠው።

የካቲት 25

አሌክሳንደር ዳግማዊ ‹‹የአዳኝ ማስታወሻ››ን አንብቦ ልቡ እንደተነካ ይነገራል። ንጉሡ ገባሮችን ነፃ ያወጣበትን አዋጅ የፈረመው በቀድሞው የሩሲያ አቆጣጠር የካቲት 19 ቀን 1861 ነው። ከ20 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ከጌታ ንብረትነት ወጣ።

ይህን ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሰው ያገኘሁት የካቲት 25 ቀን 1853 ዓ.ም. ነው። በእኛ አገር የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገውና ጭሰኝነትን ያስቀረው አዋጅ የታወጀው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. መሆኑን ታላላቆቻችን አይዘነጉትም። በመካከላቸው 114 ዓመት አለ፤ ቀኑ ግን አንድ ነው። አጋጣሚ ነው፤ ቢሆንም የማይረሳ አጋጣሚ ነው። ልዩነቱም አይናቅም። የሩሲያው ገበሬ ለተሰጠው መሬት ለ49 ዓመት ዋጋ እንዲከፍል ተፈርዶበት ነበር። ቀሪው ክፍያ የተሰረዘው እ.ኤ.አ. በ1907 ነው።

ቱርጌኔቭን መልአክ ማድረግ አይገባም። እናቱ እ.ኤ.አ. በ1850 ስትሞት የቤት አገልጋዮቹን ነፃ አወጣ፣ ከቀሩት ገበሬዎችም ብዙዎቹን ከጉልበት ሥራ ወደ ገንዘብ ግብር አዛወራቸው። ራሱ ግን እስከ መጨረሻው ባላባት ሆኖ ኖረ። በአውሮፓ የኖረበት ገንዘብም በአብዛኛው ከዚያው ርስት የመጣ ነበር። ይህንንም አብሮ መናገር ያስፈልጋል።

ክልሱ ፔጋዝ

ደራሲው ከ1860ዎቹ ጀምሮ ወዳጁን ዘፋኟን ፖሊን ቪያርዶን ተከትሎ በጀርመኗ ባደን ባደን፣ በኋላም በፈረንሳይ ተቀመጠ። በጀርመን ሳለ የነበረው ውሻ ፔጋዝ ይባላል። ዘሩ ንጹሕ ያልነበረ ክልስ ነው፤ ተመትቶ የጠፋን አውሬና ወፍ ፈልጎ በማግኘት ግን ስመ ጥር ሆነ። ቱርጌኔቭ እ.ኤ.አ. በ1871 ስለ እርሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ጻፈ።

በዚያው ዘመን በእንግሊዝ ኤድዋርድ ላቨራክ የተባለ አርቢ እ.ኤ.አ. በ1825 ከገዛቸው ከሁለት ውሾች፣ ከፖንቶና ከኦልድ ሞል፣ ዛሬ በዓለም የታወቀውን የእንግሊዝ ሴተር ዘር በማውጣት ላይ ነበር። ላቨራክ ዕድሜውን የሰጠው ለዘር ጥራት ነው፤ ቱርጌኔቭ ያወደሰው ዘር የሌለውን ነው። በጠዳ የአገር ውሻ ለምናሠለጥን ለእኛ የፔጋዝ ታሪክ ትልቅ መጽናኛ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1876 ቱርጌኔቭ ለአንድ የአደን መጽሔት የአዳኝን 50 ጉድለትና የወፍ ውሻን 50 ጉድለት ዘርዝሮ ጻፈ። ከውሻው ጉድለት በፊት የአዳኙን ማስቀደሙን ልብ በሉ። ውሻ ሊገዙ ወይም ሊያሠለጥኑ ወደ እኔ የሚመጡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቁት ውሻው ምን ያውቃል ብለው ነው። እኔ ደግሞ ማን ያበላዋል፣ ስንት ጊዜስ ትወጣላችሁ ብዬ እጠይቃለሁ።

ኢቫን ቱርጌኔቭ እ.ኤ.አ. በመስከረም 3 ቀን 1883 በፓሪስ አቅራቢያ በቡዢቫል በአከርካሪ ካንሰር አረፈ። አስከሬኑ ወደ አገሩ ተመልሶ በሴንት ፒተርስበርግ ቮልኮቮ መካነ መቃብር ተቀበረ። የስፓስኮዬ ርስቱና ሙሙ የተጻፈችበት ታሪክ የተፈጸመበት የሞስኮው የእናቱ ቤት ዛሬ ሙዚየም ናቸው።

በየቤታችን የምናሠራው እረኛ፣ ሠራተኛ፣ ዘበኛ አለ። ሥራውን በደንብ ይሠራል ወይ ብለን ከመጠየቃችን በፊት ባሩድና እርሳሱን ሰጥተነዋል ወይ ብለን ብንጠይቅ፣ የየርሞላይና የቫሌትካ ታሪክ ለእኛም ተጽፏል ማለት ነው።