ቦቢ ጆንስ፥ ራሱን የቀጣ ተጫዋች

ጎልፍ የሚባለው ጨዋታ በሀድያና በከምባታ አገር እምብዛም የታወቀ አይደለም። ነገር ግን በሆሳዕና ወይም በዱራሜ መስክ ላይ፥ በገና ሰሞን ልጆች በቈልማማ ዱላ ሩር ሲማቱ ያየ ሰው የጎልፍን ነገር ለመረዳት አይቸገርም። በሁለቱም ጨዋታ ትንሽ ኳስ አለች፤ ዱላ አለ፤ ሰፊ ሜዳም ያስፈልጋል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ በገና ጨዋታ ሰው ሁሉ ባንዲት ሩር ላይ ይረባረባል፥ በጎልፍ ግን እያንዳንዱ የገዛ ኳሱን በየተራው እየመታ በሩቅ ወዳለች ትንሽ ጉድጓድ ለማግባት ይጥራል። ጉድጓዶቹ 18 ናቸው፤ በጥቂት ምት የጨረሰ ያሸንፋል። ደግሞም በገና ጨዋታ ጌታ በሎሌው ዱላ ቢነካ እንዳይቈጣ የቈየ የኢትዮጵያ ልማድ እንደ ሆነ ሁሉ፥ ጎልፍም ከሕጉ ሌላ የራሱ የሆነ የጨዋነት ልማድ አለው።

ይህ ልማድ ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በጨዋታው መነሻ ላይ ነው። ኳሱ መጀመሪያ የሚመታበት ደልዳላ ሥፍራ ቲ ይባላል። አብረው የሚጫወቱት ሰዎች ሁሉ በዚያ ይሰበሰባሉ። ያለፈውን ጉድጓድ በጥቂት ምት የጨረሰው አስቀድሞ እንዲመታ ይተውለታል፤ ይህ ቀዳሚነት ክብር ተብሎ ይጠራል፥ ዕድሜም ሀብትም አይጠየቅበትም። እርሱ ለመምታት ሲቆም ሌሎቹ ዝም ይላሉ፤ አይንቀሳቀሱም፤ ጥላቸውም በኳሱ ላይ እንዳያርፍ ይጠነቀቃሉ። ከፊት የሚሄዱት ሰዎች ኳሱ ከሚደርስበት ርቀት ሳይወጡ ማንም አይመታም፤ ኳሱ ወደ ሰው ያዘነበለ እንደ ሆነም መቺው ጮኾ ያስጠነቅቃል። የባልንጀራው ኳስ በሣር ውስጥ የጠፋች እንደ ሆነ፥ ሊያሸንፈው የሚፈልገው ሰው ራሱ አብሮ ይፈልግለታል። ዳኛም በየምቱ ሥፍራ ሁሉ አይገኝምና፥ ተጫዋቹ ያጠፋውን ጥፋት ከርሱ በቀር የሚያውቅ ሰው የማይኖርበት ጊዜ ብዙ ነው።

በዓለም ሁሉ ቦቢ ጆንስ ተብሎ የታወቀው ሮበርት ታየር ጆንስ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1902 ዓ.ም. በማርች 17 ቀን በአሜሪካ አገር፥ አትላንታ በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ የሕግ ዐዋቂና ጠበቃ ነበረ። ሕፃኑ በሽተኛ ነበረና አምስት ዓመት እስኪሆነው ድረስ ሆዱ ጠንካራ ምግብ አይቀበልለትም ነበር። ወላጆቹም አየር ቢለወጥለት ይሻለዋል ብለው በበጋ ጊዜ ኢስት ሌክ ወደሚባል ሥፍራ ወሰዱት፤ ቤታቸውም በጎልፍ ሜዳ አጠገብ ነበረ። በዚያ ሜዳ ስቱዋርት ሜይደን የሚባል ከስኮትላንድ የመጣ የጨዋታ መምህር ነበረ። ልጁ ከኋላው እየተከተለ ሲመታ በጽሞና ይመለከተው ነበር፤ ከዚያም ብቻውን ሄዶ ያየውን ሁሉ እንዳየው አድርጎ ይመስል ነበር። ተቀምጦ የተማረው ትምህርት አልነበረም፤ ነገር ግን የጆንስ አመታት የመምህሩን አመታት ቍርጥ ሆኖ ወጣ።

በ1916 ዓ.ም. ገና የ14 ዓመት ልጅ ሳለ፥ ያለ ደመወዝ የሚጫወቱ አሜሪካውያን በሚወዳደሩበት በታላቁ የሜሪዮን ግጥሚያ ላይ ቀረበ። ሕዝቡ የልጁን አመታት አይቶ ተደነቀ። ያን ጊዜ ግን ሁለተኛው ጠባዩ ደግሞ ታየ። ኳሱ እንዳሰበው ያልሄደለት እንደ ሆነ ፊቱ ይቀላ፥ ዱላውንም አሽቀንጥሮ ይወረውር ነበር። የመጀመሪያው ተጋጣሚው ኤበን ባየርስ የሚባል፥ አስቀድሞ ዋንጫ የወሰደ ትልቅ ሰው ነበረ፤ እርሱም እንደ ልጁ ቍጡ ነበረና በዚያ ቀን ሁለቱም ዱላቸውን ሲወረውሩ ዋሉ። ተመልካቹ ሣቀባቸው።

የልጁ ቍጣ በሌላ ሰው ላይ አልነበረም፤ በራሱ ላይ ነበረ እንጂ። ስለዚህ ብዙ ሰዎች እንደ ቀላል ነገር ቈጠሩት። ነገር ግን እንዲህ ያለ ቍጣ የሚጐዳው ባለቤቱን ብቻ ነው ማለት ስሕተት ነው። በቲ ላይ ተራውን የሚጠብቀው ባልንጀራ ዝምታውን ይፈልጋል፤ ዐይኑን ከኳሱ እንዳያነሣ፥ ልቡም እንዳይበተን ይፈልጋል። በአጠገቡ ያለው ሰው ሲሳደብና ሲወረውር የዋለ እንደ ሆነ ምን ሰላም ያገኛል? ለራሱ የተቈጣ ሰው ሳያውቀው የሌላውን ጨዋታ ይወስዳል።

በ1921 ዓ.ም. ጆንስ ባሕር ተሻግሮ ወደ ስኮትላንድ ሄደ፤ ሴንት አንድሩስ በምትባለው፥ የጎልፍ እናት በምትሰኘው ከተማ በተደረገው ግጥሚያ ገባ። በሦስተኛው ዙር ነገሩ ሁሉ ጠመመበት። በ11ኛው ጉድጓድ አጠገብ ኳሱ በአሸዋ ጉድጓድ ውስጥ ወደቀች፤ መታት፥ አልወጣችም፤ ደግሞ መታት። ያን ጊዜ ትዕግሥቱ አለቀና ግጥሚያውን አቋርጦ ወጣ። በጎልፍ የጀመረውን ሳይጨርስ መውጣት እንደ ነውር ይቈጠራል፤ ከርሱ ጋራ የሚጫወተውንም ሰው መናቅ ነው። ጆንስ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ድረስ በዚህ ሥራው ያፍር ነበር።

በዚያው ዓመት ወደ አገሩ ተመልሶ በሴንት ሉዊስ ሲጫወት በንዴት የወረወረው ዱላ በምድር ላይ ነጥሮ የአንዲት ተመልካች ሴት እግር መታ። የአሜሪካ የጎልፍ ማኅበር አለቃም፥ ጠባዩን ካልገዛ በቀር ማኅበሩ በሚያዘጋጀው ግጥሚያ ዳግመኛ እንዳይጫወት የሚያስጠነቅቅ ደብዳቤ ላከበት። ወጣቱ በዚያን ጊዜ 19 ዓመቱ ነበረ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ባንድ ሌሊት የሆነ አይደለም። ቍጣው ከልቡ አልጠፋም፤ ይልቁንም ወደ ውስጥ ገባ። በግጥሚያ ሰሞን እህል አይወርድለትም ነበርና በጥቂት ቀናት ውስጥ ሰውነቱ እጅግ ይከሳ ነበር። በውጭ ግን ጸጥ ያለ፥ ለባልንጀራው መንገድ የሚለቅ፥ የሌላውን መልካም ምት የሚያመሰግን ሰው ሆነ። ጨዋታውም ከትምህርቱ አልከለከለውም፤ በጆርጂያ ቴክ የመሐንዲስነትን፥ በሐርቫርድ የእንግሊዝኛን ሥነ ጽሑፍ ተማረ፤ በኋላም ሕግ ተምሮ እንደ አባቱ ጠበቃ ሆነ። በ1923 ዓ.ም. በ21 ዓመቱ፥ ኢንዉድ በሚባል ሜዳ፥ የአሜሪካን ታላቅ ግጥሚያ አሸነፈ።

ስሙ እስከ ዛሬ የሚነሣበት ነገር ግን የተደረገው ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በ1925 ዓ.ም. ነው። ግጥሚያው በማሳቹሴትስ አገር በዉስተር ከተማ ነበረ። በመጀመሪያው ቀን የጆንስ ባልንጀራ ሆኖ የተጫወተው ዝነኛው ዎልተር ሄገን ነበረ። በ11ኛው ጉድጓድ የጆንስ ኳስ በዳገት ላይ በረዘመ ሣር ውስጥ ገባች። ሊመታ ዱላውን አጠገቧ ባኖረ ጊዜ ዱላው ሣሩን ነካ፤ ኳሷም ጥቂት ተንቀሳቀሰች። እንቅስቃሴዋ እጅግ ትንሽ ነበረ። ሄገን አላየም፤ ዳኛውም አላየ፤ ተመልካቹም አላየ። በሕጉ ግን እንዲህ የሆነ እንደ ሆነ ተጫዋቹ አንድ ምት ይቈጠርበታል።

ጆንስ ቀና ብሎ ኳሷ እንደ ተንቀሳቀሰች ለባልንጀራውና ለዳኞቹ ተናገረ። እነርሱም ሕዝቡን ጭምር ጠየቁ፤ አየሁ የሚል አንድ ሰው አልተገኘም። ዳኞቹ ነገሩን ለራሱ ሕሊና ተዉለት፤ እንዲተወውም ሊያግባቡት ሞከሩ። እርሱ ግን አንድ ምት በራሱ ላይ አስቈጠረ፤ የዚያም ዙር ቍጥሩ በ76 ፈንታ 77 ሆነ።

ግጥሚያው በተፈጸመ ጊዜ ጆንስና ከስኮትላንድ የመጣው ዊሊ ማክፋርሌን እያንዳንዳቸው 291 ምት ሆነው እኩል ወጡ። ያቺ አንዲት ምት ባትጨመር ኖሮ ዋንጫው ያለ ክርክር የጆንስ ነበረ። እንደ ገና 18 ጉድጓድ ተጫወቱ፤ ሁለቱም 75 ሆኑና አሁንም እኩል ወጡ። ዳግመኛ 18 ተጫወቱ፤ ማክፋርሌን 72፥ ጆንስ 73 ሆነ። ስለዚህ ማክፋርሌን ዋንጫውን ወሰደ።

ሰዎች ስለ እውነተኛነቱ ባመሰገኑት ጊዜ ጆንስ ደስ አላለውም። ሌባ ባለመሆኑ ሰውን ማመስገን ምን ማለት ነው ብሎ ነገሩን ነቀፈ። በሚመጣው ዓመት በ1926 ሳዮቶ በሚባል ሜዳ እንዲሁ ያለ ነገር ደረሰበት፤ በነፋስ የተነሣ ኳሱ ተንቀሳቀሰች፥ አሁንም ራሱን ቀጣ። በዚያ ጊዜ ግን ባንዲት ምት ብልጫ አሸነፈ። ሁለቱን ግጥሚያዎች አስተያይቶ ቅንነት ያተርፋል ወይም ያከስራል ብሎ ሒሳብ የሚያወጣ ሰው መልስ አያገኝም።

በ1927 ዓ.ም. በቍጣ ጥሎት ወደ ሄደው ወደ ሴንት አንድሩስ ተመለሰና አሸነፈ። ሕዝቡ በትከሻው ተሸከመው። እርሱም ዋንጫውን ወደ አገሩ እንደማይወስድ፥ በዚያው በሴንት አንድሩስ ማኅበር ቤት እንዲቀመጥ እንደሚለምን ባስታወቀ ጊዜ የከተማው ሰው ልብ ፈጽሞ ወደ እርሱ ሆነ። በ1930 ዓ.ም. አራቱን ታላላቅ ግጥሚያዎች፥ ሁለቱን በእንግሊዞች ደሴት፥ ሁለቱን በአሜሪካ፥ ባንድ ዓመት አሸነፈ። ከዚያ በፊት ይህን ያደረገ ሰው አልነበረም። በዚያው ዓመት፥ ገና በ28 ዓመቱ፥ ከግጥሚያ ወጣ። በእነዚያ ሁሉ ግጥሚያዎች ለገንዘብ የተጫወተበት ቀን የለም።

በኋላ ከባልንጀሮቹ ጋራ በጆርጂያ፥ በኦገስታ ከተማ፥ የጎልፍ ሜዳ አቋቋመ፤ በ1934 ዓ.ም. በዚያ የተጀመረው ዓመታዊ ግጥሚያም ዛሬ ማስተርስ ተብሎ በዓለም የታወቀ ነው። በዚህ ላይ ሊሰወር የማይገባው ነገር አለ። በዚያ ሜዳ የተጫዋቾቹን ዱላ የሚሸከሙት ጥቍር አሜሪካውያን ነበሩ፤ በቲ ላይ ቆሞ መምታት ግን ለነጮች ብቻ ነበረ። በማስተርስ የመጀመሪያው ጥቍር ተጫዋች ሊ ኤልደር የገባው በ1975 ዓ.ም.፥ ማኅበሩም የመጀመሪያውን ጥቍር አባል የተቀበለው በ1990 ዓ.ም. ነው። ጆንስ በሕይወት ሳለ ይህ ልማድ አልተለወጠም። ለባልንጀራው ጥላ እንኳ የሚጠነቀቀው ጨዋነት በአጠገቡ ሸክም ይዞ የቆመውን ሰው አላየውም ነበር።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጆንስ በ40 ዓመቱ ወታደር ሆነ፤ በ1944 ዓ.ም. ከአሜሪካ ሠራዊት ጋራ በኖርማንዲ ወረደ። ከጦርነቱ በኋላ የአከርካሪውን ነርቭ የሚያደርቅ ክፉ በሽታ ያዘው። ከ1948 ዓ.ም. ወዲህ ጎልፍ መጫወት አልቻለም፤ አስቀድሞ በአንድ ከዘራ፥ ኋላም በሁለት፥ በመጨረሻም በተሽከርካሪ ወንበር ሆነ። ልጅ ሳለ ስለ አንዲት መጥፎ ምት ዱላውን ይወረውር የነበረው ሰው፥ ከ20 ዓመት በላይ የቈየውን ይህን ሕመም ያለ ማጕረምረም ቻለ። እንግዶቹም ስለ በሽታው እንዲያወሩ አይፈቅድም ነበር።

በ1958 ዓ.ም. የሴንት አንድሩስ ከተማ የክብር ዜግነት ሰጠችው። ከርሱ በፊት ከአሜሪካውያን ይህን ክብር ያገኘ በ1759 ዓ.ም. ቤንጃሚን ፍራንክሊን ብቻ ነበረ። ጆንስ በሕዝቡ ፊት ቆሞ ተናገረ፤ ከአዳራሹ ሲወጣም ሕዝቡ በስኮትላንድ የመሰናበቻ ዜማ ሸኘው። ወደዚያች ከተማ ዳግመኛ አልተመለሰም። በ1971 ዓ.ም. በዲሴምበር 18 ቀን በአትላንታ ሞተ። የሴንት አንድሩስ ሰዎችም በአሮጌው ሜዳቸው ላይ እስከዚያ ድረስ ስም ያልነበረውን 10ኛውን ጉድጓድ በስሙ ጠሩት። ይህ ጉድጓድ የሚገኘው በ1921 ዓ.ም. ግጥሚያውን ጥሎ ከወጣበት ከ11ኛው አስቀድሞ ነው።